አባባና የትምህርት ቤቱ አጥር

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከዳጊስ፣ ከሕፃናት መዋያው፣ ልወስድ እየሮጥኩ ገባሁ። ሱንድቢበሪ ላይ ከባቡር ወርጄ፣ በአንድ እጄ የሥራ ቦርሳዬን፣ በሌላው ወተትና ዳቦ ያጨቅሁበትን ፌስታል አንጠልጥዬ የደረስኩት ሊዘጉ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። እንደ ልማዴ ማለት ነው። የልጄ አንዱ ጓንት ደግሞ የለም። ልብስ የሚደርቅበትን ቁም ሣጥን ስከፍተው ሞቅ ያለ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ፊቴን መታኝ።

ጓንቶቹን እያገላበጥኩ ስፈልግ አጠገቤ የቆመች አንዲት እናት ጠጋ ብላ፣ “ውጪ አጥሩ ጋ የቆመውን ሰውዬ አየሽው?” አለችኝ በሹክሹክታ። “ትናንትም ነበር። ለሠራተኞቹ መንገር ያለብን አይመስልሽም?”

አላየሁትም ነበር። ፌስታሌን እዚያው መሬት ላይ ጥዬ ወጣሁ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመዋል። ሰላም አልኳቸው። በተሰባበረ ስዊድንኛ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ እንደመጡ፣ ምራታቸው ውስጥ ልጁን እያለባበሰች እንደሆነ፣ እሳቸው ሙቀቱ ስለሚያፍናቸው ውጪ መጠበቅ እንደሚመርጡ ነገሩኝ። ይኼው ነው። አንዲት ጥያቄ ነበረች የምታስፈልገው።

ተመልሼ ገብቼ፣ “አያት ናቸው” አልኳት ሴትየዋን።

“እንደዚያ ከሆነ ጥሩ” ብላ ፈገግ አለች።

እኔ ግን ፈገግ ማለት አልቻልኩም። ልጄን ይዤ እስክወጣ ድረስ ንዴቴ አልበርድ አለኝ። የዛሬ ንዴት አይደለም። ሰባት ዓመቴ ላይ የጀመረ ነው።

ያኔ የምንኖረው ስፖንጋ በሚባል ሰፈር፣ ኪራይ ቤት ነው። እናቴ በሜርስታ በኩል፣ አየር ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳለች። አባቴ አውቶብስ ይነዳል። የሁለቱም ፈረቃ ረዥምና ተለዋዋጭ ነው፤ አንዱ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፣ ሌላው አምሽቶ ይመለሳል። ብዙ ቀን የሚገናኙት ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አንዱ ጫማ ሲያወልቅ ሌላው ሲያጠልቅ። “ሾርባው ምድጃው ላይ ነው።” “የስፖርት ልብሷ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ እንዳትረሳው።” “ትንሽ አስሏታል።” ባልና ሚስት የሚነጋገሩት እንደዚህ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤቱ የቁርስ ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ እኔ ነኝ፤ ማታ ደግሞ ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ሲወጡ አሁንም አለሁ።

እናቴ ያቺን ወንበሮች መሐል የተቀመጠች ልጅ ማየት አልቻለችም። ስለዚህ በረዶው ሊጀምር ሲል አባቷን ከአዲስ አበባ አስመጣች። እሷ “አባባ” ስለምትላቸው እኔም አባባ አልኳቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በከተማ አውቶብስ ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረዥም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸውን ለሰላምታ ሁሉ ከፍ የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

“ቪዛቸው እኮ ፋሲካ ሳይደርስ ያልቃል” ሲባል በመጡ ሰሞን ሰማሁ። ቪዛ ማለት እንደ ባትሪ ሰውነታቸው ውስጥ ያለ ነገር መሰለኝ። ሲያስሉ “እያለቀ ነው” ብዬ እደነግጣለሁ። ቶሎ እንዳይጨርሱት ደረጃ ስንወጣ እጃቸውን ይዤ በየፎቁ አሳርፋቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ የደከመኝ እኔ እየመሰልኳቸው “አይዞሽ፣ ደረስን” ይሉኛል።

አማርኛ እሰማለሁ፤ የምመልሰው ግን በስዊድንኛ ነበር። ለወላጆቼ ይኼ ይሠራል። ለአባባ አልሠራም። “ምን አለች?” ብለው ዞር ሲሉ ቤቱ ውስጥ የሚነግራቸው ሰው የለም፤ እሷም ሥራ፣ እሱም ሥራ። ስለዚህ የእኔ አማርኛ በዚያ ክረምት ተፈታ። ጠማማ ነበር። “አባባ፣ ና ብላ” እላቸዋለሁ። እናቴ ከኮሪደሩ፣ አንድ እጇን ካፖርቷ ውስጥ እንደከተተች፣ “ይምጡ ይብሉ በይ!” ብላ ትጮኻለች። እሳቸው ይስቃሉ። “ተያት። የምትጠራኝ ለምግብ አይደል?”

እኔም በተራዬ አስተማርኳቸው። “ሄይ” የምትለዋን ሰላምታ።

“ጠዋት ምን ይባላል?” አሉ።

“ሄይ።”

“ማታስ?”

“ሄይ።”

“ለትልቅ ሰውስ? ለሴትስ?”

“ለሁሉም ሄይ ነው።”

ትንሽ አሰቡና፣ “ይኼማ ቀላል አገር ነው” አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! አውቶብስ ስንሳፈር ሹፌሩን ሰላም ይሉና አይቀመጡም። በሩ አጠገብ ብረቱን ይዘው ቆመው የሚገባውን ተሳፋሪ ሁሉ “ሄይ! ሄይ!” እያሉ ይቀበላሉ፤ ባርኔጣቸው ወጣ ወረድ ይላል። እዚህ አገርም ሥራ የተሰጣቸው መስሎኝ እኮራ ነበር። አንዳንዱ ሰው ፈገግ ይላል። የሚበዛው ግን በቀጥታ ወደ መስኮቱ ያያል፤ መስኮቱ ላይ ከጨለማና ከራሱ ፊት በቀር የሚታይ ነገር ሳይኖር።

ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን እሳቸው ተሸክመው፣ እኔ እጃቸውን ይዤ፣ በበረዶው ላይ እንሄዳለን። አባቴ የገዛላቸው ቦት ትልቅ ስለነበር እግራቸውን እንደ ጠፈርተኛ እያነሱ ነው የሚራመዱት። የሚያደርሱኝ እስከ በሩ ድረስ ነው። ውስጥ የማይገቡት ትምህርት ቤቱ ጫማ ስለሚያስወልቅ ነው። “አስተማሪ ፊት በካልሲ? እኔ?” አሉ፤ በቃ፣ አልገቡም። ማታም በር ላይ ይጠብቁኛል፤ እኔ ሮጬ እወጣለሁ። ስለዚህ መምህሮቼ አንድ ቀንም በቅርብ አላዩዋቸውም።

ከአጥሩ ማዶ፣ በእግር መንገዱ ዳር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ለእረፍት ስንወጣ አባባ እዚያ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። ለእያንዳንዳችን ስማችን የተጻፈበት የልብስ መስቀያ ስላለን፣ ወንበሯም ትምህርት ቤቱ ለአያቶች የመደባት መሰለኝ። ሳያቸው ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እጄን አውለበልብና ወደ ጨዋታዬ። አልፎ አልፎ “ሜሮን! ጃኬትሽን ዝጊ!” የሚል ድምፃቸው ይመጣል፤ ግቢው በሙሉ ዞሮ ያያል። ከኋላቸው የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናቶች፣ ውሻ የያዙ ሰዎች ያልፋሉ። “ሄይ!” ይላሉ አባባ። ጋሪዎቹ ይፈጥናሉ።

አንድ ቀን፣ “አባባ፣ ለምንድን ነው ቤት የማትሆነው?” አልኳቸው፤ ጠማማው አማርኛዬ እንዳለ ነው።

“ቤቱ ዝም ይለኛል” አሉ። “እዚህ ድምፅ አለ።”

ለእኔ በቂ ነበር። የሕፃን ጫጫታ መስማት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ከክረምቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት በተመለስን ሰሞን ነው። ለእረፍት ወጥተን የበረዶ ምሽግ እየሠራን የፖሊስ መኪና በእግር መንገዱ ላይ ቀስ እያለ መጥቶ ወንበሯ ጋ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች ወረዱ። አባባ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ግን መልሰው አላደረጉትም። በዚያ ብርድ ራሳቸውን ገልጠው ቆሙ።

እኔ በመጀመሪያ የመጣልኝ “ቪዛው አለቀ!” የሚል ነው። አምቡላንስ መምጣት ሲገባው ፖሊስ በስሕተት የመጣ መሰለኝ። አካፋዬን ጥዬ ወደ በሩ ሮጥኩ። መምህሬ ከኋላ የጃኬቴን ቆብ ይዛ አስቀረችኝ።

“ሙርፋሬ ነው!” አልኳት። የእናቴ አባት ነው ማለቴ ነው፤ ጥርት ባለ ስዊድንኛ፣ እሷ በምትናገረው ቋንቋ። “ሙርፋሬ ነው! ልቀቂኝ!”

“እሺ፣ እሺ፣ እናጣራለን። አሁን ሁላችንም ወደ ውስጥ እንግባ።”

ምን የሚጣራ አለ? ነገርኳት እኮ! ዓለም ላይ ስለዚያ ሰው ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እዚያው እጇ ላይ ሆኜ እየጮኽኩ ነው፤ እሷ ግን የሚያጣራ ሌላ ሰው ትጠብቃለች። አስገቡን። መጋረጃውን ዘጉት። እንድንሥል ወረቀት አደሉን። አንድ ልጅ “ሌባ ነው” አለ፤ ቀለሙን ከእጁ ነጠቅኩት። ለእሱም ተቀጣሁ።

ያን ዕለት እናቴ ስልኳን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሣጥን ውስጥ ቆልፋ አውሮፕላን ላይ ነበረች። አባቴ መሪ ላይ ነው። ፖሊሶቹ አባባ ከያዙት ወረቀት ላይ ቁጥሩን አይተው ቢደውሉም ሁለቱንም አላገኟቸውም። አባባ አድራሻውን በጣታቸው አሳይተው በፖሊስ መኪና ቤት ተወሰዱ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከሱቅ በሚመለስበት ሰዓት፣ ከፖሊስ መኪና ኋላ ወንበር በራችን ላይ ወረዱ። “ጨዋ ልጆች ናቸው፣ በር ከፈቱልኝ” አሉ በኋላ። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጉዞ አልተናገሩም።

እናቴ ከነሥራ ልብሷ፣ ቢጫ ሰደርያዋን እንኳ ሳታወልቅ መጥታ ወሰደችኝ። ቤት ስንገባ አባባ ሳሎን ተቀምጠዋል። ካፖርታቸውን አላወለቁም። ባርኔጣው ጉልበታቸው ላይ ነው።

“ልጄ” አሏት፣ “ምን አጥፍቼ ነው?”

“ምንም አላጠፉም አባባ።”

“አንድ ነገርማ አጥፍቼ መሆን አለበት። ፖሊስ እንዲሁ ይመጣል?”

እናቴ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የቦት ጫማቸውን ክር መፍታት ጀመረች።

አባቴ ገብቶ እራት ስንቀርብ ነገሩን ሰማ። ማንኪያውን አስቀመጠ። “ተይው” አላት። “ያለፈ ነገር ነው። ነገ ሄደን ብንጨቃጨቅ ነገሩ የሚመጣው ልጅቷ ላይ ነው። ልጅ ከወላጅ ተወሰደ የሚል ስንት ወሬ እንሰማለን አይደል? ስማችን ክፉ ቦታ ይገባል።”

“ልጅቷ ላይማ መጥቷል! አያቷን በፖሊስ ሲወስዱባት አየች እኮ!”

“እሱ ገብቶኛል…”

“አልገባህም። እኔ እሄዳለሁ። አንተ ከፈለግህ ተኛ።”

እናቴ ለአባቴ እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። አባባ በመሐል፣ “ልጆቼ፣ በእኔ የተነሣ አትጣሉ” አሉ። ማንም ከዚያ በኋላ አልበላም።

በነጋታው እናቴ ፈረቃዋን ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ተቀያየረች። አባባ ሙሉ ልብስ ለበሱ፤ ክራባት አሰሩ። ጫማቸው እንደ መስታወት ያበራ ነበር። ትምህርት ቤቱ መግቢያ ላይ ግን ያ ምልክት አለ፤ ጫማ የሚያስወልቀው። ቆመው አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ክራቸውን ፈቱ። ያ ክራባት፣ ያ የተተኮሰ ሱሪ፣ ከታች ግራጫ ካልሲ፤ እንደዚያ ሆነው በረዥሙ ኮሪደር ላይ ቀጥ ብለው ሲራመዱ ከኋላ አያቸው ነበር። ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚያንገበግበኝ ያ ካልሲ ነው።

ሬክቶሯ፣ ማለትም ርእሰ መምህሯ፣ ሻማ ያለበት ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠችን። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። የተወሰኑ ወላጆች ተጨንቀው ነበር አለች። ያልታወቀ ሰው በየቀኑ ተቀምጦ ልጆች ያያል፤ አላፊ አግዳሚውን ሊያነጋግር ይሞክራል፤ አንዴም ወደ ግቢው ጮኋል። “እኛ ያደረግነው በሩቲን መሠረት ነው። ሩቲን አለ፤ ሩቲኑን መከተል አለብን።”

ሩቲን የሚባለውን ሰው መጥላት የጀመርኩት ያን ዕለት ነው። አሠራር ማለት መሆኑን አላውቅም። ፖሊስ የሚጠራው፣ ሬክቶሯ እንኳ እንቢ ልትለው የማትችለው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሰውዬ አድርጌ ነው የያዝኩት። ብዙ ጊዜ ፈልጌዋለሁ። ያ የቁልፍ መዓት ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው የግቢ ጠባቂ ሳይሆን አይቀርም ብዬም ነበር።

እናቴ ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። አባባ በጥሞና ሰሙ።

“ሰው ሊያነጋግር ይሞክራል ያሉት ሰላም ማለቴን ነው?”

“አዎ፣ አባባ።”

“እስቲ እንግዲህ አንድ ነገር ጠይቂልኝ። በረዶው ከወደቀ ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ ነኝ። የፈሩኝ ሰዎች በፊቴ ነው የሚያልፉት። ከእነዚያ ሁሉ አንዱ እንኳ ቆሞ ‘ማን ነህ? ማንን ነው የምትጠብቀው?’ ለምን አላለኝም? ቋንቋቸውን ባልችል የልጅቷን ስም እጠራላቸው ነበር እኮ።”

እናቴ ይኼንን ስትተረጉም ድምፅዋ ሁለት ጊዜ ተቆራረጠ። ሬክቶሯ ሻማውን አየች። ከዚያ፣ “ነገሩ እንደዚያ ስለተሰማችሁ በጣም አዝናለሁ” አለች።

“ምን አለች?” አሉ አባባ።

“ምንም አላለችም” አለች እናቴ በአማርኛ። ወደ ሬክቶሯ ዞራ በስዊድንኛ ቀጠለች። “ይኼንን አልተረጉምላቸውም። ‘ስለተሰማችሁ’ ማለት ምን ማለት ነው? የተሰማቸው ነገር አይደለም፤ የተደረገባቸው ነገር ነው። ይቅርታ ካለሽ እሱን በይ። ለእሱ አማርኛ አለኝ።”

ሬክቶሯ አንገቷ ድረስ ቀላች። በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን በአጠቃላይ መልኩ እንደምታነሣው ተናገረች። ሰዓቷን አየች። ስለመጣን አመሰገነችን። ያቺን አንዲት ቃል ግን አልተናገረችም። ያኔም፣ ከዚያም በኋላ። እዚያ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል እስክጨርስ ጠብቄያታለሁ።

አባባ ወደ ወንበሯ አልተመለሱም። ጠዋት የሚያደርሱኝ እስከ መንገዱ ማዕዘን ሆነ፤ የቀረውን ብቻዬን እሄዳለሁ። ዞር ስል የመብራት ምሰሶው ጀርባ ግማሽ ትከሻቸው ይታየኛል። ተደብቀው! ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው የልጅ ልጃቸው በሰላም መግባቷን ተደብቀው ነው የሚያዩት። አውቶብስ ውስጥም ወንበር ይዘው በመስኮቱ ማየት ጀመሩ። አባቴ ይኼንን አንድ ቀን አብሮን ሲሳፈር አየ። መንገዱን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

አባቴና እናቴ አንድ ላይ ሥራ የማይገቡበት ቀን እንደ ዓውደ ዓመት ነው የሚመጣው። ሲመጣ እሷ ልብስ ታጥባለች፤ እሱ የእንቅልፍ ዕዳውን ይከፍላል። በዚያ ወር የመጣው ቀን ግን ለልብስም ለእንቅልፍም አልሆነም። ለእረፍት ስንወጣ ሦስቱም ወንበሯ ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ለበዓል የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳለች። አባባ ከነክራባታቸው መሐል ናቸው። አባቴ፣ ያ “ተይው” ያለው አባቴ፣ በዕረፍት ቀኑ የአውቶብስ ሹፌር ዩኒፎርሙን ከነስም መለያው አድርጎ መጥቷል።

አንዲት ሴት ጋሪ እየገፋች መጣች። አባቴ ብድግ አለ። “ሄይ! የሜሮን አባት ነኝ። እኚህ አያቷ ናቸው።” ሴትየዋ ግራ ተጋብታ አለፈች። ውሻ የያዘ ሰው መጣ። “ሄይ! የሜሮን አባት ነኝ። እኚህ አያቷ ናቸው።” አንዱ ወላጅ ከሩቅ ሲያየው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ፤ አባቴ ሰውየው ስልኩን እስኪያወርድ አብሮት ሄዶ ነገረው። እኛ ልጆቹ አጥሩ ላይ ተለጥፈን እናያለን። አንዲት እናት አልፋ ብዙ ከራቀች በኋላ ቆማ ተመለሰች፤ ጓንቷን አውልቃ የአባባን እጅ ጨበጠች፤ ዓይኗ ግን መሬት መሬቱን ነው።

“በቃ ልጄ፣ ተቀመጥ” አሉት አባባ አባቴን። “ሰዉን አስጨነቅከው።”

“ይጨነቅ!” አለች እናቴ። “እኛ ስንጨነቅ አልነበረም?”

ደወሉ እስኪደወል አልተቀመጠም።

አንድ ቀን ብቻ ነበር። በነጋታው እሷ ወደ አውሮፕላኖቿ፣ እሱ ወደ መሪው ተመለሱ፤ ወንበሯም ባዶዋን ዋለች። ፋሲካ ሳይደርስ አባባን አየር ማረፊያ ሸኘናቸው። በተሳፋሪዎች መሐል ቀጥ ብለው፣ ሳያስሉ፣ ሻንጣቸውን ራሳቸው እየጎተቱ ሲሄዱ አይቼ፣ “ገና አላለቀም እኮ! ለምን ይሄዳሉ?” ብዬ አለቀስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ “ይሄዳሉ” ያልኩት ያኔ ነው። ማንም አላስተዋለኝም።

የሚቀጥለው ክረምት ሲቃረብ እናቴ ስልክ ደወለች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጆሮዬን ከጆሮዋ አጣብቄ አብሬ እሰማለሁ። “አባባ፣ ወረቀቱን ጀምሬዋለሁ። መቼ ይምጡልኝ?”

መስመሩ ትንሽ ተንሿሿ።

“እኔ አልመጣም ልጄ” አሉ፣ ሳይቆጡ። “ልጅቷን ይዛችሁ እናንተ ኑ። እዚህ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት በር ላይ ሽማግሌ ቆሞ ልጆች ሲያይ ካገኙት፣ ወንበር ያወጡለታል።”